አምስት ሰው፣ ስድስት ድርሻ፦ የአንድ የሐዋሳ ብሉዝ ባንድ አመሠራረት

ሐዋሳ ውስጥ ባንድ ማቋቋም አይከብድም፤ የሚከብደው ሁለተኛው ሁዳዴ ካለፈ በኋላም ባንድ ሆኖ መገኘት ነው። እዚህ የማቀርበው ብሉዝ ለመጫወት ተሰባስበው፣ አባል ቀይረው፣ ተኳርፈውና ታርቀው እስካሁን አብረው ያሉ ሰዎችን ጉዳይ ነው። የራሳቸውንም የባንዱንም ስም አልጠቅስም። እንዳልጠቅስ ጠይቀውኛል፤ ምክንያታቸውም ይገባኛል፦ አብዛኞቹ የቀን ሥራ አላቸው፣ ከተማዋም ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅባት ናት። ስለዚህ በያዙት መሣሪያ እጠራቸዋለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ይህን ባንድ ያቆየው የገንዘብ አከፋፈሉ ነው። ሙዚቃው የራሱ መልክ የያዘው ደግሞ ከጎደላቸው ነገር የተነሣ ነው፦ ኪቦርድ የላቸውም፣ ሃርሞኒካ የሚነፋ የላቸውም፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚዘፍን የላቸውም።

ማን ከየት መጣ

ነገሩን የጠነሰሰው ጊታሪስቱ ነው። አረብ ሰፈር አካባቢ ስልክና የድምፅ ዕቃ ይጠግናል። ባለቤቶቻቸው ለጥገና አምጥተው ያልተመለሱባቸውን ስፒከሮች እየፈታ፣ ከሁለት የሞተ አንድ የሚሠራ እያወጣ፣ ማንም ሳያስተውለው የአንድ ትንሽ ባንድ ሙሉ ዕቃ ሰበሰበ። ብሉዝን ያገኘው ከሰው ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። አሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት ቢ.ቢ. ኪንግን ሰማ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈው ይህ ሰው ሲዘፍን ጊታሩን ዝም ያሰኛል፤ ዘፈኑን ሲያቆም ደግሞ ጊታሩ ይመልስለታል፤ ኮርድ (ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ) መምታት ላይ ብዙም የለበትም። ኮርድ የማይሆንለት ጊታሪስታችን ይህን ሲያይ ልቡ አረፈ።

ቤዙን የያዘው ጎረቤቱ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እሱም የሚፈልገው ሊድ ጊታር ነበር። ሁለት ሊድ ጊታር አያስፈልግም ተባለ፤ ቤዝ ያዘ፤ አለቀ።

የመጀመሪያው ድራመር የቸርች ልጅ ነበር። ሐዋሳን የማያውቅ ሰው ይህን ላይገምት ይችላል እንጂ፣ በዚህ ከተማ በየሳምንቱ ያለማቋረጥ በሙሉ የድምፅ ዕቃ የሚጫወቱ ወጣቶችን የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ጴንጤ ቤተ ክርስቲያኖች ነው። ልጁ ሰዓት ያከብራል፣ ጊዜ አይስትም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጫወት ይችላል። የመጨረሻው በድራመር ዘንድ ብርቅ ነው።

ሳክስፎኑ የጋሼ ነው። ሁሉም እንዲሁ "ጋሼ" ነው የሚሉት። በፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ተምሮ፣ እዚያው አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከአምስቱ ኖታ የሚያነበው እሱ ብቻ ነው። ያለፈው ትውልድ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቻችን በብዛት የወጡት ከጦር ሠራዊት፣ ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከማዘጋጃ ቤት ባንዶች መሆኑ የታወቀ ነው። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያዞረው ጌታቸው መኩሪያም የማዘጋጃ ቤትንና የፖሊስን ባንድ ያየ ሰው ነበር። ጋሼ ስለሱ ሲያወራ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።

ዘፋኟ እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ወጣት ናት። ሰርግ ላይ አማርኛም የሲዳማ ቋንቋም ስትዘፍን ጊታሪስቱ ሰምቷት ነው የመጣችው። የልምምድ ቀን የሚወሰነው በሷ ፈረቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ያናድዳቸው ነበር፤ በኋላ ግን ለሁሉም የታወቀ ፕሮግራም ያላቸው በሷ ምክንያት ብቻ እንደሆነ ገባቸው።

"ኪቦርዱ የታለ?"

ሥራ ፍለጋ የገቡበት የመጀመሪያ ቤት ሐይቁ ዳር ያለ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቱ ዕቃቸውን አንድ በአንድ አየና እንዲህ አለ፦

"ኪቦርዱ የታለ?"

"የለንም ጋሽ።"

"ያለ ኪቦርድ ምን ልትጫወቱ ነው? እኔ ዘንድ እኮ አንድ ልጅ በኪቦርድ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ለአምስት ሰው ራት የማበላው ለምንድን ነው?"

ሰውየው ስስታም ሆኖ አይደለም። ሒሳቡ ትክክል ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ ካቀጨጨው በኋላ፣ ቀጥሎም ሪትም ከነቤዙ የሚሰጥ ኪቦርድ በየቦታው ሲገባ፣ ትልልቆቹ የሆቴል ባንዶች እየሳሱ ሄዱ። ዛሬ በክልል ከተማ አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ማይክ የተለመደው ነገር ነው፤ "ዋን ማን ባንድ" ይሉታል። ባለ ቤቱ አምስት ሰው ለመቅጠር ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ኪቦርድ ያልያዙት መጀመሪያ ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው። ቆይቶ ግን ዕድሉ መጣ፤ አንድ ልጅ ከነኪቦርዱ ልግባ ብሎ ጠየቀ። ተለማመዱ። ጊታሩ የተወውን ክፍተት ሁሉ ኪቦርዱ ሞላው፤ ሳክስፎኑ የሚመልስበት ቦታ አጣ። ጋሼ ሪዱን (የሳክስፎኑን መንፊያ ምላስ) አውልቆ በጨርቅ ጠቀለለና "እኔ ቡና ልጠጣ" ብሎ ወጣ። በዚያው ልጁ ሳይገባ ቀረ። ከሠሯቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ምግብ ቤቱ በመጨረሻ አርብ ማታን በሙከራ ሰጣቸው፤ ኪቦርዲስቱ አርብ አርብ ሌላ ቦታ ይሠራ ስለነበር።

ባቲ

መጀመሪያ የተጫወቱት የታወቁ የአሜሪካ ብሉዞችን ነበር። ሰዉ አልጠላቸውም፤ አልሰማቸውም እንጂ። ዓሣ ዱለቱን ይበላል፣ ያወራል፣ ሒሳብ ይጠይቃል። ዘፋኟም ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጽፋ ነበር የምትይዘው። "የምለውን ሳላውቀው ለማን ልንገረው?" ብላ አንድ ቀን ወረቀቱን አስቀመጠችው።

መውጫውን ያመጣው ጋሼ ነው። ልምምድ ላይ ጊታሪስቱ ሶሎ ሲጫወት ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበርና "ልጄ፣ ይኼ እኮ ባቲ ነው" አለው።

ቀልድ አልነበረም። ማንኛውም የብሉዝ ጊታሪስት አስቀድሞ የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት) ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው። ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝትም ከሲ ሲነሣ እነዚሁ አምስቱ ነው። ትዝታ ማይነር ግን ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው። "ትዝታ የኢትዮጵያ ብሉዝ ነው" የሚለው አባባል ለኮንሰርት ፖስተር ያምራል፤ በስሜትም ሐሰት አይደለም። ባንድ ለማቋቋም ግን አይጠቅምም። ድምፁን ለቆጠረ ሰው የሚቀርበው ባቲ ነው። ይህን ስል አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለቴ አይደለም። ብሉዝ በአሜሪካ ደቡብ፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ከሥራና ከእርሻ ዜማቸው ያበቀሉት ሙዚቃ ነው፤ የራሱ ታሪክና የራሱ ባለቤቶች አሉት።

ችግሩ የጀመረው አምስቱን ድምፆች ከኮርዶቹ ጋር ሲያገናኙ ነው። ባለ 12 ባሩ ብሉዝ (ባር በምት የሚቆጠር አጭር የሙዚቃ ክፍል ነው) አራት ባር በመነሻው ኮርድ ይቆያል፤ ሁለት ባር ወደ አራተኛው ይሄዳል፤ ሁለት ባር ይመለሳል፤ ከዚያ አንድ በአምስተኛው፣ አንድ በአራተኛው፣ የመጨረሻው ሁለት በመነሻው። የእኛ ቅኝት ዜማ እንዲህ አይዘዋወርም፤ አንድ ቤት ይዞ ይሽከረከራል። ከዚህም በላይ ጊታሪስቱ የሚመታው ሲ ሰባት ኮርድ ውስጥ ኢ ናቹራል አለ፤ ዘፋኟ ደግሞ ኢ ፍላት ትዘፍናለች። ለአሜሪካ ብሉዝ ጆሮ የዚህ ግጭት መቆርቆር ጣዕሙ ነው። ለሐዋሳ አድማጭ ግን ዘፋኟ ፎልስ ያደረገች ነው የሚመስለው። አንድ ደንበኛ ይህንኑ ሄዶ ለባለቤቱ ነገረው።

መፍትሔው ከመቀነስ መጣ። ጊታሪስቱ ከኮርዶቹ ውስጥ ሦስተኛውን ድምፅ አወጣው፤ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይመታል። የኮርዱን ጉዞ የሚያሳየው ቤዙ ሆነ። ሲቆረቁር መኖር ያለበትን ድምፅ ጋሼ ወሰደው፤ በከንፈሩ ከኢ ፍላት ትንሽ ከፍ ያደርገውና መልሶ ያወርደዋል። እንዲህ ሲሆን ማንም ፎልስ ነው አይልም፤ "ወይ ጋሼ!" ነው የሚለው።

የመነሻ ድምፅ ምርጫም አከራክሯቸው ነበር። ጊታሪስቱ ክፍት ክሮቹ ስለሚረዱት ከኢ መነሣት ይወድዳል። ቴነር ሳክስፎን ደግሞ ቢ ፍላት መሣሪያ ነው፤ የጊታሩ ኢ ለጋሼ ኤፍ ሻርፕ ይሆንበታል፤ ጣት ያስራል። ከጂ ሲነሡ ግን የጋሼ አምስት ድምፆች ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሆናሉ፤ አንድ ሻርፕ የለ፣ አንድ ፍላት የለ። የዘፋኟም ድምፅ እዚያው ላይ ተመቸ። ጊታሪስቱ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ።

ግጥሙ የቀለላቸው ክፍል ነው። የብሉዝ ስንኝ ሦስት መስመር ነው፦ የመጀመሪያው ይባላል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልሰዋል። በአማርኛ ቤት የሚመታውን ሁለት መስመር ወስዶ የመጀመሪያውን መድገም ብቻ በቂ ሆነ። ዘፋኟ በራሷ ኑሮ ላይ የጻፈችው ይህ ነው፦

ፈረቃ ነው አሉ የኔና ያንተ ቤት፣
ፈረቃ ነው አሉ የኔና ያንተ ቤት፣
አንተ ልክ ስትገባ እኔ የምወጣበት።

እያንዳንዱ መስመር አራት ባር ይይዛል፤ ቃሉ ሁለቱን ያህል ይወስዳል፣ ቀሪው ሁለቱ የሳክስፎኑ ነው። ይህን አዝማሪና መሰንቆ ሲያደርጉት የኖሩት ስለሆነ ማንም ለአድማጩ ማስረዳት አላስፈለገውም። የመጀመሪያ ምሽት ሦስተኛው መስመር ላይ ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች ሳቁ። የፓርኩ ሠራተኞች ነበሩ።

ድራመሩ ሲወጣ

የቸርቹ ልጅ ጉዳይ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረ ነው። ቢራ በሚሸጥበት ቤት መጫወቱ ተሰማ፤ ሽማግሌዎች ጠሩት። ማንም አልጮኸበትም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ እንደማይችል በፍቅር ነገሩት። ልጁም ያደገበትን መረጠ። አንዳንዶች በዚህ ቤተ ክርስቲያኗን ይወቅሳሉ፤ እኔ አልወቅስም። ዱላ የያዘበትን እጅ ያስተማረችው እሷ ናት፣ መጠየቅም መብቷ ነው። ለባንዱ የበጀው አወጣጡ ነው፦ ተተኪው እስኪገኝ ጠበቀ፣ ተተኪውንም ልምምድ ላይ ራሱ አለማመደው።

ተተኪው የሰርግ ባንድ ድራመር ነው። ችክችካ እጁ ላይ ነው፤ ሻፍል የሚባለው የብሉዝ ምት ግን አይመጣለትም። ሻፍል እያንዳንዱን ምት ለሦስት ከፍሎ መካከለኛውን ይውጠዋል፤ የችክችካው ስድስት ስምንተኛ ደግሞ የሚዋጥ ነገር አይወድም፣ ሁሉንም ይናገራል። የመጀመሪያው ድራመር አንካሳውን አረማመድ አሳየው፤ እሱ እየተጫወተ ሦስተኛው ዙር ላይ ወደ ችክችካው ተመልሶ ይገኛል። ትንሽ ከታገሉ በኋላ ተዉት። አሁን ዝግተኛው ብሉዛቸው ግማሹ ድረስ በሻፍል ይሄድና የሳክስፎን ሶሎው ሲገባ ወደ ችክችካ ይገለበጣል። ሰዉ ትከሻውን የሚያነቃንቀው እዚያ ላይ ነው። የባንዱ መለያ ነው የሚባለው ይህ ግልበጣ የመጣው አንድ ሰው ሻፍል ስላልሆነለት ነው፤ ሲጠየቁ ግን አስበንበት ነው ይላሉ።

ስድስተኛው ድርሻ

ወደ ዋናው ልምጣ። የተለመደው አሠራር ይታወቃል፦ ቤቱ ለባንዱ የተቆረጠ ክፍያ ይሰጣል፤ ሽልማት የዘፋኙ ነው። ዘፋኝ ግንባሯ ላይ ብር ሲለጠፍላት ድራመሩ ከኋላ ሆኖ ይቆጥራል። እዚህም እንዲሁ ተጀመረ፤ የፈረቃው ዘፈን ከተወደደ በኋላ ደግሞ ሽልማቱ ከክፍያው የሚበልጥበት ምሽት መጣ። ቤዚስቱ ኩርፊያ ጀመረ። ዘፋኟም በበኩሏ "ግጥሙን የጻፍኩት እኔ፣ ፊት ለፊት የምቆመው እኔ፣ የሰካራም ቃል የምሰማው እኔ" አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሌላው ቁስል ዕቃው ነበር። ሁሉም የጊታሪስቱ ነው። እሱ ሲታመም ባንዱ ይታመማል። ስፒከር ሲቃጠል ከኪሱ ይወጣል፤ በዚህ የተነሣ ዘፈን ሲመረጥ ድምፁ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሰማል። "ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ" ብሎ አያውቅም፤ ማንም ግን ሊል እንደሚችል አይረሳም ነበር።

ጋሼ ሁሉንም ቤቱ ጠርቶ ቡና አስፈላ። ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ክፍያውም ሽልማቱም አንድ ቦርሳ ይግባ፤ በስድስት ይከፈል፤ አምስቱ የሰው፣ ስድስተኛው የዕቃ። ከስድስተኛው ድርሻ ክር፣ ኬብል፣ ሪድና የባጃጅ ይከፈላል፤ የሚተርፈው የጊታሪስቱን ዕቃ በየጊዜው እየገዛ ወደ ባንዱ ያዞራል። ዘፋኟ ለሽልማቱ በለውጡ ምን ታገኛለች ሲባል፣ የግጥሙ ባለቤትነት በስሟ በጽሑፍ ይቀመጥላት ተባለ። ይህ ባዶ ቃል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙ ደራሲ የቅጂ መብት አላት፤ ተጫዋቾቹም በአፈጻጸማቸው ላይ ተዛማጅ መብት አላቸው። ዘፈኑ አንድ ቀን ቢቀረጽ ክርክሩ ከወዲሁ ተዘግቷል።

ስምምነቱን በእጅ ጽፈው በሁለት ምስክር ፊት ፈረሙ። ጊታሪስቱ ፊርማው ላይ ትንሽ ቆየ። የፈረመው በገዛ እጁ ሥልጣኑን እየሸጠ መሆኑን ያውቀው ነበር። ለምን እሺ እንዳለ ስጠይቀው "ስፒከር መጠገን ሰልችቶኛል፤ ለሁላችንም ይሰልቸን" አለ።

ሁዳዴ ሲገባ የሰነዱ ጥቅም ታየ። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ብዙ ቤቶች ሙዚቃ ያቆማሉ፤ ጋሼም በጾም መድረክ አይወጣም። በሌሎች ባንዶች ዘንድ ይህ የመበተኛ ወቅት ነው፤ አንዱ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ አንዱ ሌላ ሥራ ይይዛል። እነዚህ ግን ከስድስተኛው ድርሻ ለልምምድ መምጫ ትራንስፖርት ሸፈኑ፤ ከፋሲካ በኋላ አዳዲስ ዘፈኖች ይዘው ወጡ። ሁለቱ በሲዳማ ቋንቋ ናቸው።

ሰነዱ ያልጻፈው ነገርም አለ፤ መብራት። ሲጠፋ ጊታርና ቤዝ ወዲያው ይሞታሉ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድራሙና ሳክስፎኑ እንዳያቆሙ በቃል ተስማምተዋል፤ ዘፋኟም ያለ ማይክ ወደ ጠረጴዛዎቹ ትቀርባለች። ባለቤቱ ጄኔሬተሩን ሆን ብሎ እያዘገየ ነው የሚል ሐሜት አለ።

የሚሄድ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል?

ቤዚስቱ ተመረቀ። ሥራ ያገኘው አዲስ አበባ ነው። የባንድ ሰው መሄድ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ዋሊያስ ባንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ ከፊሉ እዚያው ቀርተዋል፣ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያም ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። የዚህኛው ግን ሌላ ጥያቄ አስነሣ፦ በስድስተኛው ድርሻ የተገዛው ዕቃ አንድ አምስተኛው የሱ ነው ወይስ አይደለም? የፈረሙት ወረቀት ስለ መግቢያው ሁሉ ይናገራል፤ ስለ መውጫው አንድ መስመር የለውም።

ጊታሪስቱ ምንም አይገባውም አለ፤ ዕቃው የባንዱ ነው፣ የሄደ ሰው ባንድ አይደለም። ዘፋኟ ግምቱ ተሠልቶ ይሰጠው አለች፤ ነገ እሷም ልትሄድ እንደምትችል ሳትደብቅ። ድራመሩ አዲስ ስለሆነ ዝም አለ። ጋሼ የቤዝ አምፕሊፋየሩ ይገመት፣ ግማሹ በሁለት ጊዜ ይከፈለው፣ ዕቃው ይቅር አለ። ሒሳቡ ከየትኛውም መርሕ ጋር አይገጥምም፤ ጊታሪስቱም እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። ቤዚስቱ ግን ተቀበለ። የመጀመሪያውን ክፍያ ወስዷል፤ ሁለተኛው ለመስቀል ነው። ወረቀቱ ላይም በጋሼ እጅ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ተጨምሯል፦ የሚወጣ አባል ከመውጣቱ በፊት ተተኪውን ያለማምዳል፣ ገንዘቡንም የሚያገኘው ተተኪው አንድ ሙሉ ምሽት ከተጫወተ በኋላ ነው።